ግማሽ ዳገት ላይ ያሳደርነው ድንጋይ

ሐና ባለ ሆቴሏ ከግሸን በተመለሰች ማግስት ሱቄ ድረስ መጣችና በፌስታል የተቋጠረ እምነት ከመቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችልኝ። ለተማሪ ቁምጣ የሚሆን ካኪ እየቆረጥኩ ነበር። ቋጠሮውን ፈታ ሳደርገው ሽታው ወጣ፤ ጥላሸት፣ ዝናብ ያገኘው ጽድ፣ ትንሽም የጧፍ። መቀሴን አስቀመጥኩ። ውጭ ቦዳቦዳዎቹ፣ የሞተር ታክሲዎቹ፣ ይንጫጫሉ፣ ፊት ለፊት ያለው የሞባይል ጠጋኝ ድምፅ ማጉያውን ከፍቶ ሰፈሩን ያደነቁራል፤ እኔ ግን ሞያሌ አልነበርኩም። አርባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወደ ቀረው ጊዜ ተመልሼ፣ አንድ ጎኑ ገደል አንድ ጎኑ ዓለት በሆነ ዳገት ላይ ከሚስቴ ከአስካለ ኋላ ኋላ እሄድ ነበር። ሐና ምን እንዳየችብኝ አላውቅም፣ «ጋሽ ታደሰ፣ ውሃ ልስጥዎት?» አለችኝ፣ በገዛ ሱቄ።

«አገኘሽው?» አልኳት። ምን እንደምጠይቃት ታውቃለች። ከመሄዷ በፊት አስካለ እጇን ይዛ በደንብ አስረድታታለች፤ ከዳገቱ ወገብ ላይ ሰፋ ያለ ዓለት አለ፣ ከዓለቱ ሥር የነጠላ ጥለት የታሰረበት ዱባ የሚያህል ጥቁር ድንጋይ አለ፣ ጥለቱ በስብሶ ቢሆን እንኳ ድንጋዩ ላይ በመቀስ የተጫረ መስቀል አይጠፋም ብላ። መቀሱ የእኔ ነው፤ አሁን ካኪ የምቆርጥበት ሳይሆን ከእሱ በፊት የነበረው። ሐና ፊቷን ወደ መንገዱ መለሰችና «መጀመሪያ ለእርስዎ ልንገርዎት ብዬ ነው በዚህ በኩል የመጣሁት» አለች። እንዲህ ተብሎ የተጀመረ ወሬ መልካም ሆኖልኝ አያውቅም። «ቆዪ፣ መጀመሪያ ሻይ ጠጪ» አልኳትና አዘዝኩላት። ለእሷ አስቤ አይደለም፣ ለራሴ ፋታ ፈልጌ ነው።

ያኔ የእኛዋ ሞያሌ፣ የኬንያዋ፣ እንዲህ አልነበረችም ብል ልጆቹ ይስቁብኛል፤ ሽማግሌ ሁሉ የሚለው ነው። ግን አልነበረችም። ሰፈራችን ማንያታ ውስጥ ቆርቆሮ ቤት ያለው ሰው በጣት ይቆጠር ነበር፤ አስፋልት እንኳን ሊመጣ ወሬውም አልተሰማ። ከኢሲዮሎ የተነሣ ሎሪ ቀናት አቧራ ሲጠጣ ሰንብቶ ሲገባ የሰፈር ሰው ሙሽራ እንደመጣ ይወጣለታል። እኔ አንድ የመናዊ ሱቅ በረንዳ ላይ የእግር መኪናዬን ተክዬ እሰፋ ነበር። ፉንዲ ይሉኛል፣ እስከ ዛሬም ስሜ እሱ ነው፤ እዚህ እጁ ሙያ ያለው ሁሉ ፉንዲ ነው፣ ቧንቧ ጠጋኙም ፉንዲ፣ እኔም ፉንዲ። ሸሚዝ በአምስት ሽልንግ፣ ሱሪ በስምንት እሰፋለሁ። የግመል ወተት ሻይ ሃምሳ ሳንቲም ነበር፣ ያውም በትልቁ ብርጭቆ። ናይሮቢ የተወው ፋሽን እኛ ጋ እስኪደርስ ዓመት ሁለት ዓመት ይፈጅበታል፤ ሌላው አገር ሱሪውን ማጥበብ ሲጀምር የሞያሌ ጎረምሳ ገና የሱሪው እግር የጫማውን አፍንጫ ካልሸፈነለት አይረከበኝም። ማዕዘኑ ላይ ያለው ቡና ቤት ቀኑን ሙሉ ካሴት ያጫውታል፣ ጠዋት የስዋሂሊ፣ ከሰዓት በኋላ የአማርኛ፤ የቴፑ ባትሪ ሲደክም ዘፋኙ ሁሉ አዛውንት ይሆናል። አስካለን ያገኘኋት እዚያ በረንዳ ላይ ነው። አረንጓዴ ሹራብ ለብሳ፣ ኮንጎ ጫማ አድርጋ፣ የቀሚሴን ወገብ አጥብብልኝ ብላ መጣች። አጠበብኩላት። ከዚያ ተጋባንና አራት ዓመት ሙሉ ማስፋት የሚያስፈልገው ቀሚስ አላመጣችልኝም።

ሰው ይናገር ጀመር። የእኔ ዘመዶች በደብዳቤ፣ የእሷ ደግሞ በመጡ ቁጥር ሆዷን እያዩ። አንድ ቀን ሳትነግረኝ ተሳለች። እመቤቴ፣ አንድ ስጪኝ፣ ሴትም ትሁን ወንድ፤ ከወንዙ ድንጋይ አንሥቼ፣ ልጄን በማዝልበት አንቀልባ አዝዬ፣ ማንም ሳያግዘኝ ግሸን ደጅሽ አደርሳለሁ ብላ። ዓመት ሳይሞላ ጽጌ ተወለደች። በምድር ላይ እንደዚያ ያለ ልጅ የተወለደ አይመስለንም ነበር፤ ሲያስነጥሳት እንኳ ሁለታችንም እንነሣለን። አንድ ዓመት ተኩል ሲሆናት ጎረቤታችን ቱሜ ጋ ተውናት። ቱሜ ያን ጊዜ ወተት ትሸጥ ነበር፣ ዛሬም ትሸጣለች። አንቀልባውን አጥፈን ሻንጣ ውስጥ ከተትነውና ሄድን።

የጊዜውን ነገር አላነሣም፤ መንገዱ ላይ ኬላ ይበዛ ነበር ብል ይበቃል። ቦሎቄ በጫነ መኪና ላይ ተቀምጠን አዲስ አበባ ገባን፣ ከዚያ በአውቶቡስ ደሴ። ሻይ ስሙኒ፣ ዳቦ ስሙኒ፤ በአንድ ብር ሁለት ሰው ቁርሱን በልቶ ይነሣል። ከደሴ በኋላ በእግር ነው። አስካለ ኮንጎዋን አውልቃ በረባሶ ገዛች፤ የመኪና ጎማ ጫማ ለዚያ መንገድ የተፈጠረ ነው። ሦስት ቀን ሄድን። በሶ በውሃ እየበጠበጥን፣ ዳቦ ቆሎ እየቆረጠምን፣ የማናውቃቸው ሰዎች ፊት ፊታችን እየዘመሩ። እኔ ድምፅ የለኝም፣ አስካለ ግን ነበራት፤ አሁን ሳስበው ከዚያ ጉዞ ወዲህ ጮክ ብላ ስትዘምር ሰምቻት አላውቅም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወንዙ ጋ ደረስን፤ ማግስቱ በዓሉ ነው። ዳገቱን ቀና ብዬ ሳየው አንገቴን አመመኝ።

ወንዙ ዳር አንድ አባት ተቀምጠው ስለት ያለበትን ሰው ሁሉ ይመክሩ ነበር። «የተሳለ ራሱ ይሸከም» አሉ። «ሲደክመው ይረፍ፣ ማንም አይከለክለውም። ድንጋዩን መሬት ካስቀመጠው ግን ድንጋዩ እዚያ አደረ ማለት ነው፤ ከዚያ የሚያነሣው ያው የተሳለው ብቻ ነው፣ ሌላ ሰው አይነካውም።» ስለተኞቹ እንዴት እንደሚያርፉ ከዚያ በኋላ አየሁ። አንዳንዱ ሸክሙን ዓለት ላይ አስደግፎ ይቆማል፤ ጓደኛ ያለው ደግሞ ጀርባ ለጀርባ ይገጥምና ሸክሙን መካከል አድርጎ ይተነፍሳል። ባልና ሚስት ሲያደርጉት አይቻለሁ። አይቼ አለፍኩ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሰፊ ጨርቅ ሲመጣብኝ መጀመሪያ የማስበው የት ላይ እንደምቆርጠው ነው። ያንን ዳገትም ስወጣ ዓይኔ የት ቦታ ለሁለት እንደሚከፈል ይፈልግ ነበር።

አስካለ እንደ ልጅ አዝላው ወጣች። መጀመሪያ ላይ እንደ ልማዷ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ መታ መታ ታደርገው ነበር፣ ጽጌን እንደምታባብላት፤ አይታኝ ሳቀች። ስምንት ሰዓት ገደማ ሳቁ ቀረ። የአንቀልባው ጠፍር ትከሻዋን ልጦት ቀሚሷ ደም ነካው። ሰፊው ዓለት ጋ ስንደርስ «በቃ» አልኳት። «ዛሬ ግማሹን፣ ነገ ግማሹን። አስቀምጪው።» አልጠየቀችኝም፣ እኔ ነኝ ያልኳት። እሷ ቆማ አየችኝና «በዓሉ ነገ ነው፣ ብንቀጥል ይሻላል» አለች። «ነገ በጠዋት ነው የምናነሣው፣ እኔ አለሁ አይደል?» አልኩ። ወጣት ባል ነኝ፣ ደርሼላት ነበር የመሰለኝ። አስቀመጠችው። በማግስቱ ግራ እግሯ አብጦ በረባሶው አልገባ አለ፤ ዝናብ ጀምሯል፣ ዳገቱ ሳሙና ሆኗል። ባዶ እጇን እንኳ በእኔ ተደግፋ ነበር የምትራመደው። «ለከርሞ መጥተን ከዚህ እናነሣዋለን» አልኳት። ከነጠላዋ ጥለት ቀድጄ አሰርኩበት፣ በመቀሴ መስቀል ጫርኩበት። በጣም ተጠንቅቄ ነበር የጫርኩት፣ እንዳይጠፋ። እንደምንም ላይ ደርሰን ሕዝቡ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሲገባ አስካለ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ብለምናት አልገባም አለች። «በግማሽ አልገባም» ነው ያለችኝ።

ከርሞ መጣ፤ ጽጌን ኩፍኝ ያዛት። ሌላው ከርሞ መንገዱ ተዘጋ። ሌላው ከርሞ የስፌት መኪናዬን ሌባ ወሰደብኝና ሌላ እስክገዛ በእጄ ስወጋ ከረምኩ። ከዚያ ድንበሩ፣ ከዚያ ድርቁ፣ ከዚያ የትምህርት ቤት ነገር። ከዚያ በኋላ ምክንያትም መፈለግ ተውን። አንቀልባው ከጓዳው በር በላይ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ቤቱን ሦስት ጊዜ ቀለም ስንቀባ ሦስቱንም ጊዜ አውርዳ መልሳ ሰቅላዋለች። ስለ ድንጋዩ አትናገርም። መስከረም ሲገባ ብቻ አንድ ሁለት ቀን ዝም ትላለች፤ እኔም መኪናዬ ላይ ሥራ ይበዛብኛል።

ጽጌ አሁን ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ባሏ ጥሩ ልጅ ነው፣ ማርሳቢት ይሠራል። ሦስት ጊዜ ፀነሰች፤ ሦስቱንም ጊዜ አምስተኛ ወሯ ላይ ስትደርስ አስወረዳት። በመጀመሪያው አስካለ አለቀሰች እንጂ ምንም አላለችም። በሁለተኛው «ግማሽ መንገድ ላይ» አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለግድግዳው። በሦስተኛው አንቀልባውን እያየች ዋለች። አሁን አራተኛው ነው። ናይሮቢ ያለ ሐኪም የማኅፀኗ አፍ ልል ስለሆነ ነው፣ ሰፍቼዋለሁ፣ ስፌቱ ከያዘ ልጁ ይቆያል ብሎ ተኝታ እንድትቆይ አዘዘ። እኛ ቤት ተኝታለች፣ በግራ ጎኗ፣ የመስኮቱን መጋረጃ እያየች። ዕድሜዬን በሙሉ ስሰፋ ኖሬአለሁ፤ ክሩ ይይዛል አይይዝም ብሎ ለሚጠራጠረኝ ሰው ጎትቼ አሳየዋለሁ። ይኼንን ግን ማን ጎትቶ ያየዋል? ድንጋይ ልጅ አያስወርድም። ይህን ለራሴ በቀን አሥር ጊዜ እነግረዋለሁ፤ የሚያምን ሰው በቀን አሥር ጊዜ አይልም። ጠዋት ጠዋት ከሱቅ በፊት በሯን ገፋ አድርጌ «እንዴት አደርሽ?» ስላት «ደህና ነኝ አባዬ፣ የለም ምንም» ትለኛለች። ያቺን «ምንም» ሳልሰማ ሱቄን አልከፍትም።

ሐና ሻይዋን ጨርሳ ስልኳን አወጣችልኝ። መኪና አሁን ወደ አፋፉ ይወጣል። ፎቶው ላይ ዳገቱ እንደ ዳቦ ተቆርሷል፤ አዲስ መንገድ ተጠምዝዞ ይወጣል፣ በመንገዱ ጠርዝ ደግሞ ከጥቁር ድንጋይ የተካበ ግንብ። «ሰፊው ዓለት እዚህ ጋ ነበር አሉኝ» አለች፣ በጣቷ መንገዱን እያሳየች። «ሽማግሌ ጠይቄ ነው። መንገዱ ሲቀደድ ፈረሰ። ድንጋዩን ሁሉ እዚያው ለግንቡ አደረጉት። ግንቡን እየዳሰስኩ ሄጃለሁ ጋሽ ታደሰ፣ መስቀል ያለበት አላየሁም። ቢኖርም ፊቱን ወደ ውስጥ አድርገው ይሆናል የገነቡት።» አመሰገንኳት። እምነቱን መልሼ ቋጠርኩ። ካኪውን በተሳሳተ መሥመር ቆርጬው ኖሮ ያየሁት ከሄደች በኋላ ነው።

ቤት ስገባ አስካለ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። መንገድ ላይ አስቤበት ስለነበር ቶሎ ብዬ ጀመርኩ። ዓለቱ እንደሌለ፣ መንገድ እንደወጣ ነገርኳት። «ድንጋዮቹን ለመንገዱ ተጠቅመውባቸዋል» አልኳት። «መንገዱ ደግሞ እስከ ላይ ይደርሳል። ማን ያውቃል፣ ያንቺም ላይ ደርሶ ይሆናል።» ደህና ሐሳብ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር።

«ማን አዝሎት?» አለችኝ።

ሰፌዱን አስቀመጠች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ጽጌ ከውስጥ እንዳትሰማ ነው። «አንተ ነህ አስቀምጪው ያልከኝ» አለች። አርባ ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ውስጥ አንድ ቀን ብላኝ አታውቅም ነበር። ብዙ ጊዜ ተጣልተናል፤ በጨው፣ በዘመድ፣ በልጅ አስተዳደግ፤ ይህን ግን አንሥታብኝ አታውቅም። ረስታልኛለች ብዬ ኖሬአለሁ። ይቅርታ የሚለውን ቃል አስቤው ነበር፣ ግን ለዚያ ነገር በጣም አነሰብኝ። ሰፌዱን አንሥቼ ምስሩን መልቀም ጀመርኩ፤ በዓይኔ የማየውን ጠጠር ግን እጄ አላገኘውም።

በማግስቱ ጠዋት ስነሣ አንቀልባው ምስማሩ ላይ የለም። አስካለ ጓሮ ሆና የውሃ በርሜሉን ከሥር ደግፎ የሚይዘውን ድንጋይ አውጥታ ታጥበዋለች። በርሜሉ ተንጋዷል። «ምን ልታደርጊ ነው?» አልኳት። «የማዶው ቤተ ክርስቲያን አደርሰዋለሁ» አለች። «ጉልበትሽ!» አልኩ። «ያኛው ከወንዝ ነበር፣ ይኼኛው ከቤቴ ነው» አለች፣ ጉልበት ብዬ ያነሣሁባትን እንዳልሰማች ሆና። «የሚቆጠርልኝ ከሆነ ይቆጠርልኛል። ካልሆነም ቁጭ ብዬ አልጠብቅም፤ ዛሬ አምስተኛ ወሯ ከገባ አሥራ አንድ ቀኑ ነው።» ቀኑን እኔም እቆጥር ነበር፤ ሁለታችን ለየብቻ ስንቆጥር ነበር ማለት ነው። የስድሳ አራት ዓመት ሴት ናት፣ ደረጃ ስትወርድ በጎን የምትወርድ። ልከለክላት አስቤ ተውኩት። አንድ ጊዜ ተናግሬ ያመጣሁትን አውቃለሁ። «አሳዝለኝ» አላለችኝም፣ ብቻዋን ግድግዳው ላይ ተደግፋ አዘለችው። ጽጌ ከውስጥ «እማዬ፣ የት ናችሁ?» ስትል «ገበያ ደርሰን እንመጣለን» አለቻት።

ሞያሌን የሚያውቅ ያውቃል፤ ድንበሩ ጎድጓዳው ላይ ነው፣ ከእኛ በኩል ቁልቁለት፣ ከማዶ ዳገት። እሷ ፊት፣ እኔ ኋላ። አንቀልባው ያን ጊዜም አሮጌ ነበር፣ አሁን እንደ እንጨት ደርቋል። ቱሜ ወተቷን ደርድራ ከተቀመጠችበት «ነጋ ቡልተኒ?» ብላ እንዴት አደራችሁ አለችን፤ ከዚያ ሸክሙን አየችና ቀልዷን ጀመረች። «አስካለ፣ በዚህ ዕድሜሽ ደግሞ ማንን ወለድሽ?» አስካለ ዞር ብላ ጀርባዋን አሳየቻት። ቱሜ አንድ ጊዜ ድንጋዩን፣ አንድ ጊዜ አንቀልባውን አየች። ጽጌን ያቆየችልን እሷ ናት፣ ለምን እንደሄድን ያን ጊዜ ነግረናታል። ሌላ አልጠየቀችም፤ ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለችላት፣ ድንጋዩን እንዳትነካ ተጠንቅቃ። አንድ የቦዳቦዳ ልጅ ሞተሩን አቁሞ «ማማ፣ ላድርስሽ፣ ብር አልፈልግም» አለ። አስካለ ራሷን ነቀነቀች። ልጁ «ፖሌ ማማ»፣ አይዞሽ እናቴ፣ ብሎ ቀስ እያለ አለፈን። ኬላው ጋ ደግሞ አንድ ለቦታው አዲስ የሆነ ፖሊስ እጁን ዘርግቶ አስቆመን። «ምዜ፣ ሂ ኒ ኒኒ?» ብሎ ጠየቀኝ፣ ሽማግሌው፣ ይኼ ምንድን ነው ማለቱ ነው። «ጂዌ ቱ» አልኩት፤ ድንጋይ ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። ነጠላውን ገለጥ አድርጎ አየ፤ እኔን አየኝ። በአርባ ዓመት ውስጥ በዚያ በር ስኳርም ጨርቅም ሲያልፍ አይቻለሁ፣ ድንጋይ አሳልፉልኝ ያልን ግን እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። እጁን ወደ ማዶ አወዛወዘልን።

የማዶው ዳገት ሲጀምር አስካለ ቆመች። እግሯ ይንቀጠቀጣል፣ ከነጠላው በላይ አንገቷ በላብ ርሷል። ገና ግማሽ መንገድ ነው። ከላይ የሚወርዱ ጋሪዎች በጎናችን ያልፋሉ። ዞር ሳትል «ታደሰ» አለችኝ፣ «ላስቀምጠው እንዴ?»

ያን ጊዜ ማንም ሳይጠይቀኝ የመለስኩት ሰውዬ፣ አሁን ተጠይቄ ምላሴ ተሳሰረ። አስቀምጪው ብላት እዚህም ሊያድር ነው፤ ነገ ደግሞ የሚነሣ እግር መኖሩን ማን ያውቃል። አታስቀምጪው ብላት ደግሞ እዚያው ልትወድቅብኝ ነው። ላግዛት አልችልም፣ ልሸከምላት አልችልም፣ ቤት ተኝታ መጋረጃ ለምታየው ልጄም የማደርግላት አንድ ነገር የለኝም። ሰባ ዓመቴ ነው፤ እንደዚያች ደቂቃ ባዶ ሆኜ አላውቅም። ያኔ አይቻቸው ያለፍኳቸው ባልና ሚስት ትዝ ያሉኝ ያን ጊዜ ነው።

ክንዷን ይዤ የመንገዱ ጠርዝ ግንብ ላይ ቀስ ብዬ አስቀመጥኳት። ግንቡን በሌላ በኩል ዞርኩና ጀርባዬን ሰጥቼአት ተቀመጥኩ፣ ድንጋዩ ከሁለታችን መካከል እስኪገባ ተጠጋሁ። ከፊቴ ኬንያ፣ ከፊቷ ኢትዮጵያ። መጀመሪያ አላመነችኝም፣ ወደ ፊት አጎንብሳ እንደያዘችው ቆየች። ከዚያ ቀስ በቀስ ሸክሙን ለቀቀችብኝ። የድንጋዩ ሹል ጎን አከርካሪዬ ላይ አረፈ። ትንፋሿ ሲወጣና ሲገባ በድንጋዩ በኩል ይሰማኝ ነበር።

«ከበደህ?» አለችኝ።

«ከበደኝ» አልኳት።

«ተመስገን» አለች። ከኋላዬ ስለሆነች ፊቷን አላየሁትም።